ስለ ሦስት ተዋጊ አብራሪዎች
(በራዲዮ የተነገረ)



በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ በሸኮና በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒም ዙሪያ አይሮፕላን ለሕዝቡ የታወቀው በጦር መሣሪያነቱ አይደለም። የክረምቱ ዝናም መንገዱን ወደ ጭቃ በለወጠው ጊዜ ደብዳቤና መድኃኒት፣ ሹመኛና መምህር ይዞ፣ በጫካ መካከል በተመነጠረ ሜዳ ላይ የሚያርፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታ ነበር ለአገሩ ሰው አይሮፕላንን ያስተዋወቀው። ከቀረሮውና ከዋንዛው በላይ የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ የሚታሰበው መልካም ነገር ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ድምፁ ሲሰማ ሰው ስለሚሸሸው ስለ ሌላው ዓይነት አይሮፕላን፣ ይልቁንም በውስጡ ስለሚቀመጠው ሰው ነው።

የአየር ጀግና ሲነሣ የሚነገረን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለት አይሮፕላኖች በሰማይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ይወድቃል፤ ሌላው ይመለሳል፤ ለተመለሰውም ኒሻን ይሰጠዋል። የእግረኛ ወታደር ጀግንነት ቀንና ሌሊት የሚፈጅ ሲሆን የተዋጊ አብራሪው ጀግንነት አንዳንድ ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ጊዜ ያነሰ ነው። እንግዲህ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የታየው ሰውና ከዚያ በኋላ ሠላሳና አርባ ዓመት የሚኖረው ሰው አንድ ናቸውን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ሦስት አብራሪዎችን መርጫለሁ። አንደኛው አሜሪካዊ የባሕር ኃይል አብራሪ፣ ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ፣ ሦስተኛውም ሶማሊያዊ ናቸው።

የባሕር ኃይል ተዋጊ አብራሪ የሚባለው ሙያ ለእኛ እንግዳ ነው። ኢትዮጵያ በምጽዋ የባሕር ኃይል ሠፈር፣ መርከብና የመርከበኞች ትምህርት ቤት በነበራት ዘመን እንኳ ተዋጊ አይሮፕላኖቹ ሁሉ የአየር ኃይሉ ነበሩ። ታላላቅ የባሕር መንግሥታት ግን አይሮፕላን የሚሸከም መርከብ ስላላቸው፣ አብራሪዎቻቸው የሚነሡትና የሚያርፉት በመርከብ ጀርባ ላይ ነው። ሜዳው አጭር ነው፤ ከዚህም በላይ አይረጋም፤ ከማዕበሉ ጋራ ይነሣል፣ ይወድቃል። ነዳጁ አልቆ፣ ምናልባትም በሌሊት፣ ይህን የሚንቀሳቀስ ሜዳ ፈልጎ ማረፍ ከውጊያው የማያንስ ፈተና መሆኑን የሙያው ሰዎች ይናገራሉ።

ራንዲ ካኒንግሃም ከእንደዚህ ያሉት አብራሪዎች አንዱ ነበር። ኮንስተሌሽን በምትባለው መርከብ ላይ ሆኖ በቬትናም ጦርነት ሲዋጋ፣ ከኋላው የሚቀመጠው የራዳር መኰንን ዊልያም ድሪስኮል ይባል ነበር። ሁለቱ በ1964 ዓ.ም. አስቀድመው ሁለት ሚግ ጥለው ነበርና ግንቦት 2 ቀን እንደገና ወደ ሰሜን ቬትናም ሰማይ ሲገቡ በርከት ያሉ ሚጎች ከበቧቸው። በዚያን ቀን ሦስት ሚግ 17 ጣሉ። በተለይ የሦስተኛው ውጊያ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ተቃራኒው አብራሪ እጅግ የሠለጠነ ስለ ነበር፣ ሁለቱ አይሮፕላኖች ጎን ለጎን ወደ ላይ እየተወነጨፉ አንዱ ሌላውን ከፊቱ ለማሳለፍ ይታገሉ ነበር። በመጨረሻው ካኒንግሃም ማንም በማይጠብቀው ጊዜ የሞተሩን ኃይል ቀንሶ፣ የአየር ፍሬኑን ዘርግቶ አይሮፕላኑን በድንገት አዘገየው። ሚጉ አለፈው። ዞር ብሎ ሊወርድ ሲልም የሞተሩን ሙቀት እየተከተለ የሚሄደው ሚሳይል አገኘው። አሜሪካኖች የዚያን ጠላት ስም ኮሎኔል ቱን ነው እያሉ ለረጅም ጊዜ አወሩ። እንዲህ የሚባል ሰው በቬትናም አየር ኃይል አልነበረም። ጀግንነት ሲተረክ ጠላትም አብሮ ይተልቃልና ነገሩ አያስደንቅም።

በመመለሻቸው ከምድር የተተኰሰ ሚሳይል አይሮፕላናቸውን መታው። በእሳት የተያያዘውን አይሮፕላን እንደ ምንም ወደ ባሕሩ አድርሰው በጃንጥላ ዘለሉ፤ ከውኃውም በሄሊኮፕተር ወጡ። አምስት አይሮፕላን በመጣል በቬትናም ጦርነት የመጀመሪያዎቹ አሜሪካኖች ስለ ሆኑ፣ የባሕር ኃይላቸው ለጀግንነት ከሚሰጣቸው ኒሻኖች በከፍተኛነት ሁለተኛውን ተሸለሙ።

ይህ ድል በዕድል የመጣ አልነበረም። በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ አይሮፕላን እያጣ የሚጥለው የጠላት አይሮፕላን ሁለት ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ምክንያቱ ተመርምሮ በ1961 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ልዩ የተዋጊ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ቍጥሩ ወደ አሥራ ሁለት ከፍ እንዳለ ይነገራል። በዚህ ትምህርት ቤት መምህራኑ ጠላትን መስለው ተማሪውን ይገጥሙታል። ለዚህም ሥራ ሚግ 21ን በመጠንም በጠባይም ይመስላል ተብሎ ከተመረጡት አይሮፕላኖች አንዱ ኤፍ 5 ኢ የተባለው ትንሽ ባለ ሁለት ሞተር ተዋጊ ነው። አድማጮቼ ይህን ስም እንዲይዙልኝ እለምናለሁ። በአሜሪካ ሚግን ለመምሰል የተመረጠው ይኸው አይሮፕላን፣ እውነተኛውን ሚግ በአየር ላይ የገጠመው በኢትዮጵያ ሰማይ ነውና።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደገና ሲቋቋም፣ ከሥራው መሪዎች አንዱ በ1938 ዓ.ም. የመጣው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ቀድሞም በወረራው ዘመን ቍስለኞችን በቀይ መስቀል አይሮፕላን ያመላልስ ነበር። በደብረ ዘይት የሠለጠኑት አብራሪዎች በስዊድን አይሮፕላኖች ጀምረው፣ ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ ወደ አሜሪካ ጄቶች ተሸጋገሩ፤ ብዙዎቹም አሜሪካ ድረስ ሄደው ተማሩ። ኤፍ 5 ኢ የደረሳቸው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፣ የሶማሊያ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነው። ፎን ሮዘንም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ለተቸገሩ ሰዎች እህል በማመላለስ ሥራ ላይ ሳለ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ በሶማሊያ ወታደሮች ስትጠቃ በዚያ ተገደለ። አየር ኃይሉ ሊገባበት የነበረውን ታላቅ ፈተና ውጤቱን ሳያይ ቀረ።

ፈተናው የመጣውም በክፉ ጊዜ ነው። በየካቲት 1969 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የጦር እርዳታ ቀነሰ። ደርግም በሚያዝያ የአሜሪካን ወታደራዊ መሥሪያ ቤቶች ዘግቶ በ1945 ዓ.ም. የተፈረመውን ስምምነት አፈረሰ። አይሮፕላኖቹ የአሜሪካ ሲሆኑ መለዋወጫውን የሚልክ አሜሪካዊ የለም። በከተሞቹ ውስጥ የአገሩ ልጆች እርስ በርሳቸው ይገዳደሉ ነበር፤ ቀይ ሽብር ወደሚባለው የደም ዘመን መግቢያው ነበር። አንድ መኰንን በጧት ለአገሩ ሲበር፣ ማታ ወንድሙ ወይም የቅርብ ዘመዱ በዚያው መንግሥት እጅ ታስሮ ሊያገኘው ይችል ነበር። የዚያን ዘመን አብራሪዎች ስናመሰግን ይህን መርሳት አይገባንም። የተዋጉት ለመንግሥቱ ሳይሆን ለድንበሩ መሆኑን ብዙዎቹ በኋላ ተናግረዋል፤ የሚታመን ቃል ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ወደ ቡናው አገር አንድ ጊዜ ልመለስ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል የወረደው ውርጭ የዚያን አገር የቡና ተክል ስለ አቃጠለው፣ በፊት በፓውንድ ከአንድ ዶላር በታች የነበረው የዓለም የቡና ዋጋ በ1969 ዓ.ም. ከ3 ዶላር በላይ ደረሰ። ኢትዮጵያ ከውጭ ንግድ የምታገኘውን ገንዘብ ከግማሽ በላይ የምታገኘው ከቡና ስለ ነበረ፣ በዚያ በክፉው ዓመት ለነዳጅና ለመሣሪያ የሚሆነው የውጭ ምንዛሪ በአብዛኛው የመጣው ከለቃሚው እጅ ነው። ስለ ኦጋዴን ጦርነት የተጻፈውን ሁሉ ብናነብ ስለ ሚሳይልና ስለ ታንክ ብዙ እናገኛለን። በሸኮ ጫካ ቅርጫቱን አንግቦ ቀይ ፍሬ ሲለቅም የዋለው ሰው ግን ስሙ አይነሣም።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በሰፊው ወደ ኦጋዴን ሲገባ፣ በሶቪየት ኅብረት መምህራን የሠለጠኑና በቍጥርም የማያንሱ የሚግ 21ና የሚግ 17 ስኳድሮኖች ነበሩት። ሚግ 21 በፍጥነቱ ከኤፍ 5 ኢ ይበልጣል። ኤፍ 5 ኢ ደግሞ በመጠምዘዝ ጐበዝ ነው፤ ከመቀመጫው ሆኖ ዙሪያውን ለማየትም ይመቻል፤ ለዓይንም ትንሽ ስለ ሆነ ከሩቅ አይታይም። የሁለቱን ጠባይ ያወቀ አብራሪ ሚጉ በፍጥነቱ ወደሚያሸንፍበት ሩጫ አይገባም፤ ወደ መጠማዘዙ ይስበዋል እንጂ። ከእነዚህ አብራሪዎች መካከል በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሠ ተፈራ ይገኙ ነበር። ከጓዶቻቸው ከነባጫ ሁንዴና ከነአሸናፊ ገብረ ጻድቅ ጋራ ከምሥራቅ የሚመጣውን የጠላት አይሮፕላን እየገጠሙ፣ ለገሠ በርካታ ሚጎችን ጥለዋል።

ይህን ውጊያ አንድ ሰው ብቻውን እንደሚያደርገው አድርገን መገመት የለብንም። በካራማራ ተራራ ላይ በተተከለው ራዳር የተቀመጠው መኰንን ጠላቱን ከሩቅ አይቶ በራዲዮ አቅጣጫውንና ከፍታውን ይነግራል፤ አብራሪው ሳይታይ ከኋላ የሚደርሰው በዚህ ነው። ጎን ለጎን የሚበረው ጓዱ ጀርባውን ይጠብቅለታል። በምድር ላይ ደግሞ የጥገና ባለሙያዎች አሉ። አዲስ መለዋወጫ አይመጣም ሲባል፣ ከተሰናከለው አይሮፕላን ደኅናውን ዕቃ ፈተው ለሚበረው የሚያደርጉ፣ ሌሊቱን በባትሪ መብራት ሞተር ሲከፍቱ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። አይሮፕላን በወረቀት ላይ ስምንት ቢሆን በጧት የሚነሣው ስንት ነው የሚለውን ጥያቄ የሚመልሱት እነርሱ ናቸው። ከግምጃ ቤት ዕቃ በፊርማ ማውጣትና በፊርማ ማስገባት ለሚያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይሆንበትም። የአንዲት ብሎን መዝገብ በሐሰት ከተጻፈ፣ ውሸቱ የሚገለጠው በአሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላ የሶማሊያ አይሮፕላኖች ሰማዩን ለቀቁ። በምድር ግን ጦርነቱ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ ከብዶ ነበር። በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅጅጋ ተያዘች፤ ራዳሩ የነበረበትም ካራማራ ከእጅ ወጣ። ሰማዩ የእኛ መሆኑ ድሬዳዋንና ሐረርን ለማዳን ጊዜ አስገኘ። ጅጅጋ የተመለሰችው፣ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደሮች ከደረሱ በኋላ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው።

ያን ቀን ደወል ሲደወልና ሕዝቡ ሲደሰት ለገሠ ተፈራ አልነበሩም። ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ጊዜ አይሮፕላናቸው ተመትቶ በጠላት እጅ ወድቀው ነበር። የእስራቱ ዘመን አሥራ አንድ ዓመት ያህል ሆነ። የአየር ውጊያቸውን ደቂቃዎች አንድ ላይ ብንደምራቸው ምናልባት አንድ ሰዓት አይሞሉም፤ የሶማሊያ ወኅኒ ቤት ግን ከአራት ሺህ ሌሊት ጋራ የሚቈጠር ነው። በአየር ላይ ሰው የሚረዳው ፍጥነት፣ ትምህርት፣ መሣሪያ፣ ጓድ አለው። በወኅኒ ቤት ከእነዚህ አንዱም የለም። ጠላት የሚፈልገውም አይሮፕላኑን ሳይሆን ቃሉን ነው፤ አገሩን የሚክድ አንድ ቃል፣ በራዲዮ የሚነበብ አንድ ወረቀት። በዚያው አገር የታሰረ አንድ የኩባ መኰንን ከአሥር ዓመት በላይ ለብቻው ተዘግቶበት መኖሩን በመጽሐፍ ጽፎታል። ለገሠም ከእነዚህ ዓመታት ሳይሰበሩ ወጡ። እኔን ብትጠይቁኝ የተሸለሙት የሀገሪቱ ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን የሚገባው ለጣሏቸው ሚጎች ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ለዚህ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ አሜሪካዊው እንመለስ። ካኒንግሃም ከባሕር ኃይል ከወጣ በኋላ ዝናው ስለ ረዳው ለአሜሪካ ምክር ቤት ተመረጠ። ሥራውም ለጦር መሣሪያ የሚወጣውን የመንግሥት ገንዘብ ከሚመድቡት ሰዎች ጋራ መቀመጥ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. ከጦር ሠራዊቱ ጋራ ውል ከሚዋዋሉ ነጋዴዎች ቢያንስ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ጉቦ መቀበሉን በፍርድ ቤት አመነ። ቤት፣ መኪና፣ ውድ ምንጣፍ፣ የሚኖርበት ጀልባ ሳይቀር ተሰጥቶት ነበር። በዚያው ዓመት የስምንት ዓመት ከአራት ወር እስራት ተፈረደበት፤ በኋላም በ2013 ዓ.ም. ከሥልጣን ይወርዱ የነበሩት ፕሬዚዳንት ምሕረት አደረጉለት።

ከማስረጃዎቹ መካከል አንዱ ለመሥሪያ ቤት ሰው ልዩ ትርጕም አለው። ካኒንግሃም ስንት ሚሊዮን የሚያወጣ ውል ቢያስፈቅድ ስንት ሺህ ዶላር እንደሚከፈለው በገዛ እጁ ዘርዝሮ የጻፈው በምክር ቤቱ ማኅተም በተጌጠ የጽሕፈት ወረቀት ላይ ነበር። የሞተሩን ኃይል ቀንሶ ሞትን ከፊቱ ያሳለፈው ሰው፣ አንድ ነጋዴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ በፈገግታ ሲነጋገረው ማሳለፍ አቃተው። ፈሪ አልነበረም፤ ግንቦት 2 ቀን የሠራውም ሥራ እውነተኛ ነው፤ ፍርድ ቤቱም አልሰረዘው። ነገር ግን የቡና መሸኛ በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ፣ ወይም ገበሬው ያመጣው ቡና በሚመዘንበት ሚዛን ፊት ጠላት በሚግ ተሳፍሮ አይመጣም። ራዳርም አያሳየው። የሚመጣው በወዳጅ መልክ፣ አንዳንድ ጊዜም በዘመድ ስም ነው። በጦር ሜዳ የተገኘ ልብ ለዚህ በራሱ እንደማይበቃ የካኒንግሃም ታሪክ ያስረዳል።

ሦስተኛው አብራሪ ከእነዚህ ሁለት በፍጹም የተለየ ነው፤ የሚታወቀው ባለመተኰሱ ነውና። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። የሁለቱም መንግሥታት ችግር የውስጥ ነበር፤ በኢትዮጵያ በኩል በዚያው ወር የአፍአበት ጦር ሰፈር በመውደቁ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን የሚዛወር ሠራዊት ያስፈልግ ነበር። ከስምምነቱ በኋላ መጠጊያ ያጡት የሰሜን ሶማሊያ ዐማፅያን በግንቦት ወር ወደ ሐርጌሳ ገቡ። የሲያድ ባሬ መንግሥት መልስ የገዛ ከተማውን በገዛ አይሮፕላኑ መደብደብ ሆነ። አይሮፕላኖቹ ከሐርጌሳ አይሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው፣ ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ በረው፣ በዚያችው በሐርጌሳ ላይ ቦምብ ይጥሉና ተመልሰው ያርፉ ነበር።

ሐምሌ 5 ቀን 1980 ዓ.ም. አሕመድ ሞሐመድ ሐሰን የተባለው የሶማሊያ አየር ኃይል አብራሪ ይህንኑ ትእዛዝ ተቀብሎ በሚግ 17 ተነሣ። ወደ ከተማይቱ ግን አልዞረም፤ አፍንጫውን ወደ ጅቡቲ መልሶ ሄደ፤ በባሕሩ ዳር በአሸዋው ላይም አረፈ። ወታደር ትእዛዝ አልቀበልም ማለቱን ደንብ አይደግፈውም፤ የዚህ ንግግር አቅራቢም የሥርዓት ወዳጅ ነው። ሆኖም ከሦስቱ የበረራ ታሪኮች አንዱን ደግመህ ተናገር ብባል ይህን የምመርጥ ይመስለኛል። ብቻውን ነበር፤ ጊዜውም አጭር ነበር፤ የሚያጨበጭብለትም አልነበረም። ከሐርጌሳ ወደ ጅቡቲ ያለው የበረራ ጊዜ አንድ የአየር ውጊያ ከሚፈጀው ብዙ አይበልጥም።

አሕመድ በጅቡቲ አሸዋ ላይ ካረፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ክረምት፣ በቀይ መስቀል አማካይነት የሁለቱ አገሮች ምርኮኞች ተለዋወጡ። ለገሠ ተፈራም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሲሄዱ አየር ኃይሉ የአሜሪካ አይሮፕላን ይዞ በሶቪየት አይሮፕላን ላይ የሚተኵስ ነበር። ሲመለሱ ግን ሶቪየት ኅብረት ወዳጅ ከሆነች አሥር ዓመት አልፎ፣ ኤፍ 5 ኢ ከአገልግሎት ወጥቶ ነበር። በደብረ ዘይት ሜዳ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ የተቀቡት ተዋጊ አይሮፕላኖች ሚግ 21ና ሚግ 23 ነበሩ።